ይቅር ብላለች

ኑሃሚን ወደ ሕዝቅኤል ፎቶ ቤት የገባችው ጊታሯን በትከሻዋ አንግታ፣ ፀጉሯን በአጭሩ ተቆርጣ፣ ፊቷን ደግሞ ጠብ እንደሚፈልግ ሰው አኮሳትራ ነበር። ጊዜው 1989 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አርባ ምንጭ ውስጥ ጊታር የተሸከመች ሴት ከታየች ወይ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን አንዷ ናት፣ ወይ የወንድሟን ዕቃ ልታደርስ ነው። ኑሃሚን ከመዘምራን ነበረች። ጊታሩን እዚያው ተምራ ሮክ መጫወት ስትጀምር ግን ሽማግሌዎቹ መከሩ፣ ዘከሩ፣ አልሆነም፤ ጸልየው አሰናበቷት።

«ለፖስተር የሚሆን ፎቶ እፈልጋለሁ» አለች።

ሕዝቅኤል ወደ ውስጥ መራትና መጋረጃውን ገለጠላት። ከመጋረጃው ጀርባ የታችኛው ከተማ፣ የሲቀላ፣ ሙሽራ ሁሉ ፊቱ የቆመበት ትልቅ ሥዕል ተወጥሯል፤ ሰማያዊ ሐይቅ፣ ነጫጭ ወፎች፣ ወዲያ ማዶ ተራራ።

ኑሃሚን ሥዕሉን አየች፤ ከዚያ እሱን አየች።

«አንተ፣ ከዚህ ቤት ወጥተህ ታውቃለህ?»

«እንዴት?»

«ደጅህ ላይ ሁለት ሐይቅ ተዘርግቶ እያለ ጨርቅ ላይ የተቀባ ሐይቅ ፊት ምን ያቆመኛል?»

መልስ ነበረው። ስለ ብርሃን፣ ስለ ንፋስና ስለ አቧራ ሊነግራት ይችል ነበር። ነገር ግን የሕዝቅኤል መልስ ከአፉ የሚደርሰው ሁልጊዜ ጠያቂው ከሄደ በኋላ ነው። ሟቹ አባቱ፣ ከሰሜን የመጣ የመንገድ ሥራ ሾፌር፣ «ዝም አይነቅዝም» እያለ አሳድጎታል፤ ልጁም ምክሩን ከሚገባው በላይ ተቀብሏል። ካሜራውን አነሳ፣ በሩን ቆለፈና ተከተላት።

ኩልፎ ወንዝ ዳር ወዳለው የሙዝ እርሻ ወረዱ። ሠራተኞች የሙዝ ዘለላ ከጋሪ ወደ መኪና እየጫኑ ነበር። ኑሃሚን ባዶው ጋሪ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ጊታሯን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ከጫኞቹ አንዱ በጋሞኛ የሆነ ነገር ጮኸባት። እሷም ዞር ብላ ስትመልስለት ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ሕዝቅኤል ያነሳት በዚያች ቅጽበት ነው።

«ምን አሉሽ?» አለ። እናቱ የጋሞ፣ የኦቾሎ መንደር ሰው ብትሆንም አባቱ እቤት ውስጥ ከአማርኛ ሌላ እንዲነገር ስለማይወድ ጋሞኛው ከሰላምታ አያልፍም ነበር።

«ካሜራ የያዘው ልጅ ዲዳ ነው ወይ አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«ገና እያጣራሁ ነው አልኳቸው።»

ሕዝቅኤል ሳቀ። ቤቱ ገብቶም ብቻውን ሳቀ።

የኑሃሚን ባንድ «ጎርፍ» ይባላል፤ ሦስት ናቸው። ቤዙን የሚመታው ዳምጤ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የላንቴ መንደር ገበሬ ልጅ ነው፤ ከበሮውን የምትመታው ቦንቱ ከወለጋ ለትምህርት የመጣች፣ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ አገሯ ትዝ የሚላት ልጅ ናት። ላንቴ ውስጥ የዳምጤ አባት ሙዝ የሚያበስልበት መጋዘን አለ፤ ልምምዳቸው እዚያ ነው። የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶች ሥራቸውን ሰምተው «ኦርጋን ጨምሩበት፣ ጩኸቱን ቀንሱ» ብለው መልሰዋቸዋል። እነሱም ኦርጋን አልጨመሩ፣ ጩኸት አልቀነሱ። በራሳቸው ቴፕ እየቀዱ፣ መብራት ሲሄድ እንደገና ከመጀመሪያው እየጀመሩ፣ ካሴቱን አንድ በአንድ አባዝተው በእጃቸው ይሸጡ ነበር።

ሕዝቅኤል መጋዘኑን አዘወተረ። አንድ ቀን የፖስተሩን ናሙና ሊያሳይ፣ ሌላ ቀን ናሙናው ደብዝዟል ብሎ ሌላ ናሙና ይዞ ይመጣል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

«ወንድሜ» አለው ዳምጤ፣ «ይህ ፖስተር ስንት ጊዜ ነው የሚታጠበው?»

ኑሃሚን አንገቷን ደፍታ ክሯን ትቃኛለች። ጆሮዋ ግን ከጊታሩ ጋር አልነበረም፤ ሕዝቅኤል ምን እንደሚመልስ እየጠበቀች ነው። እሱ አይመልስም። እሷም ቀና ብላ ታየዋለች፤ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ሌላ ሥራ ያገኛሉ።

የጋሪው ላይ ፎቶ ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ሳለ ነው ኤርጫፎ ያየው። ኤርጫፎ የኦቾሎ ሰው፣ በእድሜ የገፋ ሸማኔ፣ ሰው ሲጣላ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ መሃል የሚገባ አስታራቂ ነው። ጋሞኛ ሲናገር ያዋቂ አዋቂ ነው፤ አማርኛ ሲናገር ግን የተዋሰውን ኮት እንደለበሰ ሰው ይጠነቀቃል። ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል፤ ሲስቁበት አብሮ ይስቃል።

«ይህ ልጅ ቆንጆ ነው» አለ ወደ ኑሃሚን ፎቶ እያመለከተ። «የእኔ ዱንጉዛ ይልበስ።»

ኑሃሚን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለውን የጋሞ ባህል ልብስ፣ ዱንጉዛውን፣ ለበሰች። ሕዝቅኤል አነሳት፤ የሸማኔዎቹ ማኅበር የዘጠናን ካላንደር በእሷ ፎቶ አሳተመ። ካላንደሩ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ለልብስ ትርኢት የምትሄድ ሞዴል ሆነች። ሌሎቹ ሞዴሎች ተራመዱ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ። ኑሃሚን ግን መድረኩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመችና ማይክሮፎኑን ከአስተዋዋቂው እጅ ወሰደች።

«የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ» አለች። «እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ከሸክላ ሠሪ ጋር አብሮ አይበላም፣ አይጋባም። ልብሱ ቆንጆ ነው፤ ግዙ። ይህንንም ግን እወቁልኝ።»

ሥራዋ ይኸው ሆነ። በዘፈንም፣ በልብስ ትርኢትም፣ በገበያም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ዳር ላይ፣ ከሰው ተለይተው በሚቀመጡበት ገበያ፣ ኑሃሚን የእናቷን ማሰሮና ድስት ተሸክማ መሃል ላይ ትዘረጋለች። የሚሰድባት አለ፤ ዕቃዋን በእግሩ የሚገፋ አለ። መጀመሪያ ከአጠገቧ መጥቶ የተቀመጠው የዱንጉዛው ሸማኔ ኤርጫፎ ነው። ቦንቱ በምትማርበት ኮሌጅ ተማሪዎች ፊት ስትዘፍን ደግሞ፣

«ድስቴን ከእጄ ገዝተህ፣ እጄን ግን ፈራኸው፤
ከአንድ ጭቃ አይደለም ወይ፣ አንተም የተሠራኸው?»

ስትል አዳራሹ ይናወጥ ነበር። ሕዝቅኤልም ከኋላ ቆሞ ያጨበጭባል። ከኋላ ሆኖ ማጨብጨብ አይከብድም።

እናቱ ወይዘሮ ዘሪቱ ካላንደሩን ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ያለው ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ሲቀላ የተዘፈነው ሴቻ የሚሰማው ቆይቶ ነውና ስለ ልጅቷ የምታውቀው ፎቶውን ብቻ ነው። ልጇ ፎቶውን አልፎ ሲሄድ እርምጃው እንደሚዘገይ ግን ካየች ሰንብታለች።

«የማን ልጅ ናት?» አለችው አንድ ቀን።

ሕዝቅኤል እናቱን ያውቃታል። ምጽዋት የማታጓድል፣ ለታመመ የምትጾም፣ ሸክላ ሠሪ ውሃ ስትለምናት ደግሞ ጣሳውን ሳታስነካ በእጇ መዳፍ ላይ የምታፈስ ሴት ናት።

«የሸማኔ ልጅ ናት» አለ። «ዱንጉዛውን ማን የሠራው ይመስልሻል?»

ሊያስተካክለው አስቦ ነበር። ዛሬ ትልመዳት፣ ነገ እነግራታለሁ አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

በዚያው ሳምንት ከኑሃሚን ጋር ሁለቱ ሐይቆች ቁልቁል ከሚታዩበት የሴቻ ገደል አፋፍ ተቀምጠው ነበር። ፀሐይ ከኋላቸው ወደ ተራራው አዘንብላለች። ኑሃሚን ራሷን ትከሻው ላይ አሳርፋ፣

«ለእናትህ ነግረሃታል?» አለችው።

«ነግሬያታለሁ።»

«ማን እንደሆንኩ?»

«አዎ።»

«ምን አለች?»

«ለምሳ አምጣት አለች።»

እውነቱ ይህ የመጨረሻው ብቻ ነበር። ኑሃሚን ቀና ብላ ፊቱን አየችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ስንት መድረክ ላይ ስትሰደብ ያላለቀሰች ልጅ፣ ለምሳ ተጠራሁ ብላ አለቀሰች። ሕዝቅኤል ያን ጊዜ መናገር ነበረበት። እንባዋን በጣቱ ጠረገላትና ዝም አለ።

ለምሳው ወይዘሮ ዘሪቱ ቆጮ፣ ክትፎና ዳጣ አሰናዳች። ኑሃሚን አልተሽቀረቀረችም፤ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ለእናትየዋ የሙዝ ዘለላ ይዛ መጣች። ተሳሳሙ፤ ጸሎት ተደረገ፤ ሦስቱም ከአንድ ሰሃን መብላት ጀመሩ።

«ብዪ እንጂ ልጄ! አንቺማ አልበላሽም» አለች ዘሪቱ። ከዚያ የልጅቷን እጅ አስተውላ ፈገግ አለች። «የሸማኔ ዘር እኮ በጣቱ ያስታውቃል። እይ እስቲ ሕዝቅኤል፣ እንዴት ያለ ጣት ነው! ክር የለመደ ጣት።»

የኑሃሚን እጅ ጉርሻዋን እንደያዘ ቆመ።

«ክር አይደለም እማማ፣ ጭቃ ነው የለመደው» አለች በቀስታ። «እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ሕዝቅኤል አልነገርዎትም?»

ዘሪቱ ወደ ልጇ ዞረች። ኑሃሚንም ወደ እሱ ዞረች። በዓይኗ ውስጥ ገና ቁጣ አልነበረም፤ «በል እንጂ» የሚል ነገር ብቻ ነበር። ሕዝቅኤል ሰሃኑን አየ። የቆጮውን ጠርዝ፣ የዳጣውን ቅላት አየ። አንድ ቃል ፈለገ፣ አላገኘም፤ ወይም አግኝቶ ፈራው። ቀና ሲል የእናቱ እጅ ከማዕዱ ተነሥቶ ጉልበቷ ላይ ተሰብስቧል።

ኑሃሚን የያዘችውን ጉርሻ ጎረሰች፤ አላምጣ ዋጠችው። እጇን ታጠበች።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ፤ ጥሩ ምሳ ነበር» አለች። ለሕዝቅኤል ምንም አላለችውም። በሩን እንኳ አላጋጨችውም፤ ቀስ አድርጋ ዘግታው ወጣች።

ከዚያ ቀን በኋላ ፎቶ ቤቱም፣ መጋዘኑም ኑሃሚንን አላዩአትም። ከኦቾሎ በታች ካለው የእናቷ መንደር ገብታለች ተባለ። ሕዝቅኤል እህል አልወርድ ብሎት ሰነበተና ኤርጫፎ ዘንድ ሄደ። በዳይ በገዛ እግሩ ተበዳይ ደጅ አይሄድም፤ ሽማግሌ ይቀድመዋል። ደግሞም፣ ልንዋሽ አይገባም፣ ፊቷን ለማየት ድፍረቱ አልነበረውም።

«አባባ ኤርጫፎ፣ ይቅር ትበለኝ በልልኝ። ይቅር ካለችኝ እናቴ ወደደችም ጠላችም ሽማግሌ ልኬ አገባታለሁ በልልኝ።»

ኤርጫፎ መወርወሪያውን አስቀምጦ አዳመጠው፤ ቃል በቃል አስደገመው። ከዚያ ተነሣና ሄደ።

ተመልሶ ፎቶ ቤት የደረሰው ሐሙስ ጠዋት ነበር። መንገዱ አድክሞት ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ሄድኩ። ተናገርኩ። ልጅ ብዙ ዝም አለ፤ አለቀሰ» አለ። ከዚያ ዋናው ነገር ላይ መድረሱ ስለሆነ ተጠነቀቀ፤ በዚህች ቃል ላይ ወንድና ሴት እንዳይምታታበት ለአፍታ አሰበ። በመጨረሻ ሴቷን ሴት አድርጎ፣ አጥርቶ ተናገረ። «ይቅር ብላለች።»

ሕዝቅኤል የሰማው ይህን ነው፤ ይቅር፣ ሽምግልናውም ይቅር፣ ጋብቻውም ይቅር። ከምሳው ቀን ጀምሮ ይህንኑ ሲጠብቅ ስለነበር ጆሮው ሌላ ለመስማት አልተዘጋጀም። ኤርጫፎ ገና አልጨረሰም፤ ሕዝቅኤል ግን እጁን ጨብጦ፣

«በቃ አባባ፣ ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ» አለውና ፊልም ወደሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ገብቶ መጋረጃውን ከኋላው ጣለ።

«ቅዳሜ ገበያ ነው! እንዳትረሳ!» አለ ሽማግሌው ከመጋረጃው ወዲያ። ሕዝቅኤል ስለ ሸማው ሽያጭ የሚያወራ መሰለው። ኤርጫፎ ደግሞ ልጁ በደስታ እያለቀሰ ነው ብሎ፣ ሊያሳፍረው ስላልፈለገ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ዓርብ ማለዳ ሕዝቅኤል የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ተሳፈረ።

ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጠረ። የሰው ሠርግ፣ የሰው ልደት አነሳ። አንዳንድ ቀን ሱቅ ግድግዳ ላይ በዱንጉዛ ያጌጠች ኑሃሚን ትጠብቀዋለች፤ መንገድ ቀይሮ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ «ድስቴን ከእጄ ገዝተህ» የሚለውን ሰምቶ ከመውረጃው በፊት ወረደ። ይቅር ብላለች፣ ሰው ይቅር ያለውን ነገር አይነካኩትም እያለ ራሱን አጽናና። ሰው ራሱን ለማጽናናት የማያገኘው ምክንያት የለም።

በ1991 እናቱ ዓይኗን ታክማ የሚያግዛት ስትፈልግ ወደ አርባ ምንጭ ተመለሰ። ሲቀላ ከአውቶቡስ ሲወርድ ኤርጫፎ የሸማ ጥቅሉን ታቅፎ መናኸሪያው ጥላ ሥር ተቀምጧል። ሽማግሌው ትኩር ብሎ አየው። ሰላምታውን አጭር አደረገው።

«አንተ ልጅ» አለ፣ «እሷ ይቅር ብላ፣ አንተ ምነው ቀረህ?»

«ይቅር ስላለችማ ቀረሁ።»

«እንዴት ነው እሱ? ሰው ይቅር ሲባል ይመጣል እንጂ ይቀራል?»

ሕዝቅኤል ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ።

«አባባ፣ ምን ነበር ያለችህ? በጋሞኛ የነገረችህን ሁሉ ንገረኝ።»

ኤርጫፎ ነገረው። ኑሃሚን በደሉን ትታለታለች። አንድ ነገር ብቻ ጠይቃለች፤ ቅዳሜ ገበያ መጥቶ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከእናቷ አጠገብ ከማሰሮዎቹ ጋር እንዲቀመጥ። ያን ቀን ለእሱ የሚሆን ቦታ ትታ፣ ገበያው እስኪበተን ተቀምጣ ነበር።

«ይቅር ብላሃለች ማለትህ ነበር?» አለ ሕዝቅኤል። «ይቅር ብላ‐ሃ‐ለች?»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለ ኤርጫፎ ግራ ተጋብቶ። «ልዩነቱ ምንድነው?»

ሕዝቅኤል ሽማግሌውን ምን ይበለው? ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነው። አንዲት «ሃ» መንገድ ላይ ወደቀችበት ብሎ ይክሰሰው? ትከሻውን አቅፎት ቆየና ሻንጣውን እዚያው ትቶለት ወደ ላንቴ ሄደ። መንገዱን ሁሉ የሚያስበው ያችኑ ፊደል ነበር። አንድ ፊደል! ስትሰማው ትስቃለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች፣ ከዚያ...

መጋዘኑ በር ላይ አገኛት። ፀጉሯ ረዝሟል። አምፕሊፋየሩን ከዳምጤ ጋር ይዘው ወደ መኪና እየጫኑ ነበር። ዳምጤ ሲያየው ወገቡን ቀና አደረገ፣ አንገቱን ነቀነቀለትና ወደ ውስጥ ገባ።

«ዳምጤ እንዳኮረፈህ አትቁጠረው» አለች ኑሃሚን። «ባለፈው ጥር ተጋባን። ሰው ሲመጣብን ገና ማፈሩ አልለቀቀውም።»

ሕዝቅኤል «እንኳን ደስ አላችሁ» አለ። ከዚያም ሳትጠይቀው ስለ ኤርጫፎ፣ ስለ ቅዳሜው፣ ስለ ፊደሏ ነገራት። በሕይወቱ ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሮ አያውቅም።

ኑሃሚን መጀመሪያ ሳቀች። «አይ ኤርጫፎ!» አለች። ሳቋ ግን አልቆየም። መኪናው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና የሙዙን ቅጠል አየች።

«ስለዚህ ያለያየችን አንዲት ፊደል ናት» አለ ሕዝቅኤል።

«እንደዚያ ብዬ ባምን ደስ ይለኝ ነበር።»

«አታምኚኝም?»

«አምንሃለሁ። ቅዳሜ የቀረኸው ስላልገባህ ነው፤ እሺ። እናትህ ቤት ግን አስተርጓሚ አልነበረንም ሕዝቅኤል። በገዛ ቋንቋህ ነው ዝም ያልከው።»

ኑሃሚን ተነሥታ እጁን ያዘችው። እጇ እንደ ድሮው ሻካራና ሞቃት ነበር።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው፣ እያንዳንዷን ፊደል ረጋ አድርጋ። «ያኔም፣ አሁንም። በል፣ እናትህ ትጠብቅሃለች።»

ቤት ሲገባ ዘሪቱ አንድ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች።

«ሻንጣህን ኤርጫፎ አድርሶልሃል። የት ቆየህ?»

«ላንቴ» አለ። ከዚያ ዓመት ያለፈበትን ነገር ተናገረው። «ኑሃሚን ጋ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጋ። እወዳት ነበር እማዬ።»

ዘሪቱ ጤነኛ ዓይኗን ወደ እሱ አዞረች።

«ትወዳት ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ያን ቀን ምን ዘጋህ?» አለች። «እኔም እሷም አፍ አፍህን ስናይ ነበር። አንድ ቃል ብትናገር እጮህ ነበር፤ ጎረቤት እስኪሰማ እጮህ ነበር። ወር አኮርፍህ ነበር። ከዚያስ? አንድ ልጄን የት እጥለዋለሁ? አንተ ዝም ስትል፣ ልጄ ከልቡ አልወደዳትም አልኩና እጄን ሰበሰብኩ።»

ሕዝቅኤል ከእናቱ እግር ሥር ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ስለ ኤርጫፎ አማርኛ ለማንም አውርቶ አያውቅም።